ሳንቲም በሌውና የሐጂ ሽኩር ልጅ

ጀላል የሐጂ ሽኩር መጋዘን ደጃፍ ላይ መጀመሪያ የቆመ ዕለት ሃጂራ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። የኦቾሎኒ ጆንያ ፈትታ ጠጠሩን ከፍሬው እየለየች ነበር።

«ምን ልስጥህ?» አለችው፤ ለሌላው ገበያተኛ ሁሉ እንደምትለው።

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አላት። «ምን ልግዛ?»

ያን ጊዜ ቀና አለች። ረዘም፣ ከሳ ያለ ወጣት ነው። የጋራዥ ግራሶ ከጥፍሩ ሥር አለቅም ብሎታል። እንዲያው መልኩን ብቻ ላየው ኮልፌ ሙሉ እንደሱ ያለ ሰው ይመላለሳል። ዓይኑ ግን የጠየቀውን ነገር መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከሰው ፊት የማይነሳ ዓይነት ነበር።

«ገበያ ወጥቶ ምን ልግዛ የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አለች ሃጂራ፤ ሳቋን ለመዋጥ እየሞከረች።

ጀላልም ነገሩን አስረዳት። ሳንቲም ሲያጎርሱት የሚበላ ነገር የሚያወርድ ማሽን አለው። ቡና ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ጣሊያን «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ ጥሎለት ሄደ። እሱም ጋራዥ ውስጥ ሲፈታው ሲገጥመው ከርሞ በመጨረሻ ነፍስ ዘራበት።

«ሦስት የመስታወት ሆድ አለው» አላት። «ብረቱን አውቀዋለሁ። ሆዱን በምን እንደምሞላው ግን አላውቅም። የሐጂ ሽኩር ልጅ ዕቃ ታውቃለች አሉኝ።»

«ማን ነው ፊቱ የሚቆመው?»

«እንዴት?»

«ማን ነው የሚገዛህ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።»

«ፌርማታው ላይ ላቆመው ነው ያሰብኩት። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ነዋ።»

ሃጂራ እጇን ከጆንያው አውጥታ አራገፈች። «አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው አንድ እጁ ዕቃ ይዟል። ተምር እንዳትሞክር፤ እጅ ያጣብቃል፣ ያንተንም ማሽን ያንቀዋል። ብስኩትም ተፈርፍሮ ዱቄት ይሆናል። ደረቅ፣ ድቡልቡል፣ በአንድ እጅ ወደ አፍ የሚወረወር ነገር ነው የምትፈልገው።»

«ዋጋውስ?»

«ስንት ልትል አስበሃል?»

«እኔማ ምን አስባለሁ፣ ያሰበው ማሽኑ ነው። ከአሥር ሳንቲም ሌላ አያውቅም። ስሙኒ ብታጎርሺው ይተፋዋል።»

ሃጂራ ትንሽ አሰላሰለች። «እንግዲያው ዋጋ ሳይሆን ስፍር ነው የምንተምነው» አለች። «አሥር ሳንቲሙን መቀየር ካልቻልን በአሥር ሳንቲም የሚወርደውን እንቀይራለን።»

«እኛ» ማለቷ የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ሰምቷል። ሁለቱም ወደ ኦቾሎኒው አቀረቀሩ፤ ሃጂራ ያን ከሰዓት ሙሉ ጠጠሩን ከፍሬው ጋር ስትደባልቅ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ጀላል ለመጋዘኑ ምክንያት አላጣም። ዛሬ ስፍሩን የሚሰፍረውን ትንሽ ቆርቆሮ ቆርጦ ያመጣል፤ ነገ «ጠቧል፣ አስፋው ብለሻል» ብሎ ሌላ ያመጣል። ሃጂራ ኦቾሎኒ እየሞላች በእጇ መዳፍ ትገለብጠዋለች።

«አሁንም ትንሽ ነው» ትለዋለች። «ከመንገድ ቸርቻሪ ያነሰ ከሰጠህ የመጀመሪያውን ቀን ለጉድ ብለው ያጎርሱታል፤ በማግስቱ ይራገሙታል። ከቸርቻሪው እኩል ሁን። በከረሜላው ደግሞ ከሱቅ ትንሽ ጨምር፤ ትርፉ ቢሳሳም ሰው ይጠራልሃል። ትርፉን ከሦስተኛው ታገኘዋለህ።»

«ሦስተኛው ምንድን ነው? ቆሎ ላድርገው?»

«ቆሎ አይሆንም።» ድምጿ ድንገት ጠንከር አለ። «እዚያ ፌርማታ ላይ እትዬ ብርቅዬ በቆሎ ሽያጭ ነው ቤታቸውን ያቆሙት። አጠገባቸው ቆሎ የሚያወርድ ብረት ከገተርክ እኔን ሁለተኛ አትጥራኝ።»

ጀላል የያዘውን ቆርቆሮ አስቀመጠ። ከዚያ «ቆሎ አይሆንም» አለ እሱም፤ እንደ መሐላ።

ሦስተኛው ዳቦ ቆሎ ሆነ። ሃጂራ ራሷ አቡክታ፣ በርበሬ ጣል አድርጋበት፣ ፍሬ በፍሬ አንድ መጠን አድርጋ ቆርጣ ቆላችው። ማሽኑ ፌርማታው ላይ የቆመ ዕለት ሰዉ አውቶቡሱን ረስቶ ከበበው። አንድ ሽማግሌ ቢስሚላህ ብለው ሳንቲማቸውን ከከተቱ በኋላ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ዳቦ ቆሎው ጠርጠር ብሎ እጃቸው ላይ ሲወርድ «ይሄ ሳንቲም በሌ!» ብለው ዘለሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እትዬ ብርቅዬ ከመደባቸው ሆነው እየሳቁ ያዩ ነበር። ሃጂራ ከመንገዱ ማዶ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆማለች። ጀላል በሰው ትከሻ መሃል ፈልጎ አገኛት። በዚያች እይታ ሁሉን እንደተባባሉ ልቧ አውቆታል።

አንድ ቀን ከአጣና ተራ በኩል አብረው ሲመለሱ ጀላል ቆመ።

«ሳልነግርሽ መቆየት አልነበረብኝም» አላት። «አባቴ ነገሬ ይባላሉ። ማረሻና ቢላ ነው የሚሠሩት። እኛ ቀጥቃጮች ነን፣ ሃጂራ።»

ሃጂራ ያ ቃል በቤታቸው ምን እንደሚመዝን ታውቃለች። አባቷ ከቀጥቃጭ መጥረቢያ ይገዛሉ፣ በአንድ ትሪ ግን አይበሉም። ቀጥቃጭ ዓይኑ ክፉ ነው፣ ከእሱ ጋር መጋባት ዘር ማጥፋት ነው ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። አሁን ግን ስለ ዓይን አላሰበችም። አባቷን በማን በኩል እንደምታስነግር፣ እናቷን ከየት እንደምትጀምርላት፣ ከሽማግሌዎቹ ማን ደፋር እንደሆነ ነበር የምታሰላው። ስታሰላም ዝም አለች።

ጀላል ዝምታዋን አየ። ፊቱ ላይ አንድ በር ሲዘጋ ታየ።

«ገባኝ» አላት።

«ምኑ?» ብላ ከሐሳቧ ስትባንን እሱ የአጣናውን ክምር ዞሮ ሄዷል። ስሙን ጠራችው፤ የገበያው ጫጫታ ዋጠባት።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ከፌርማታው ጠፋ። በዚያው ሰሞን ሐጂ ሽኩር ራት ላይ ለሃጂራ እናት ለዙሀራ እንደሚያወሩ ሆነው፣ ልጃቸው እንድትሰማ ተናገሩ። «ያ የቀጥቃጭ ልጅ ሳንቲም በሌውን ሸጦ አገር ጥሎ ሄደ አሉ። ገንዘብ ሲያይ ማንም እንደዚያ ነው።» ቀጥለው ደግሞ «አህመድ ሽማግሌ ልኳል። መርካቶ ሁለት ሱቅ፣ አንድ የጭነት መኪና አለው። ምን ይጎድለዋል?» አሉ።

ሃጂራ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው። ሸጠው? በእጇ የሰፈረችውን፣ በእጇ የሞላችውን? እኔንም አብሮ ሸጠኝ ብላ በልቧ ነደደች። ንዴቷ አንደበቷን ዘጋው፤ አባቷም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው የኒካሁን ቀን ቆረጡ። ያን ሰሞን ስለ እሷ የሚወሰነው ሁሉ በእሷ ዝምታ ላይ ይጻፍ ነበር።

ነገሩን የፈታው የእትዬ ብርቅዬ አፍ ነው። ሃጂራ በፌርማታው ስታልፍ ጠሯት።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጨከንሽ?»

«እኔ ጨከንኩ፣ እትዬ? ሸጦ የሄደው እሱ!»

«ማን ነው ሸጠ ያለሽ? ዘነበወርቅ ነው ያለው፤ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለች ሱቅ በረንዳ ላይ አቁሞታል። ካላመንሽኝ ሄደሽ እዪ።» ወዲያና ወዲህ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትሽ የሰፈሩን ወሬ ሰምተው መጥተው ከዚህ አንሳ ሲሉት እዚሁ ቁጭ ብያለሁ። እምቢ አላቸው። በኋላ ‹ልጄ ራሷ ናት የላከችኝ፣ ዓይንህን ማየት አልፈልግም ብላሃለች› ሲሉት ነው ብረቱን እንደ ሬሳ ተሸክሞ የሄደው።»

ሃጂራ ቤቷ አልተመለሰችም። የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ዘነበወርቅ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልበረደችም። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሳህንና ፔርሙስ ይዞ በር በሩን ያያል። ማሽኑ በረንዳው ላይ ቆሟል። ጀላል ጀርባውን ሰጥቷት መስታወቱን ይወለውላል። ኦቾሎኒውና ከረሜላው ሙሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ሆድ ባዶ ነው።

«ሦስተኛውን ምነው ባዶውን ተውከው?» አለች ከኋላው።

እጁ መስታወቱ ላይ ቀረ። ሳይዞር መለሰላት። «የሚሞላው አላገኘሁም።»

«ዳቦ ቆሎ ኮልፌ ሙሉ ሞልቷል።»

«እሱ እሱ አይደለማ!» ብሎ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ምን ልታደርጊ መጣሽ? ማየት አልፈልግም ብለሽ ልከሽብኝ የለም?»

«እኔ? እኔ ማንን ላክሁ?»

«አባትሽ...»

«አባቴ ስለ እኔ ሲናገር አንተ እኔን ጠየቅከኝ?»

«ከዚያ በፊት ጠይቄሽ ነበር! ማን እንደሆንኩ ነገርኩሽና ዝም አልሽ። ዓይኔ እያየ ዝም አልሽ!»

«እያሰብኩ ነበር!» ድምጿ ከፍ ሲል ጠያቂዎቹ ዞረው አዩ፤ ግድም አልሰጣት። «እንዴት አድርጌ እንደማገባህ እያሰብኩ ነበር! ሰው አያስብም? አንድ ጊዜ ዝም ብትል ጥላኝ ሄደች ትላለህ? ያን ያህል ነው የምታምነኝ?»

ጀላል የያዘው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሃጂራም ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ልትነካው ፈልጋ እጇን በነጠላዋ ጠቀለለች።

«ለአህመድ ሰጥተውሻል አሉ» አላት በመጨረሻ።

«ሰጥተውኛል።»

«ጅማ አጎት አለኝ። ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እንውጣ። ማንም ሳያውቅ እንጥፋ።»

ልቧ አንዴ ከፍ ብሎ ዘለለ፤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አልጠፋም። ምን ሰርቄ ነው የምጠፋው? አንተስ ምን ገድለህ? ዛሬ በጓሮ ከወጣን ዕድሜ ልካችንን በጓሮ ነው የምንኖረው። ከፈለግኸኝ አባትህን ይዘህ በትልቁ በር ትመጣለህ።»

«አባትሽ አባቴን ከደጅ አያሳልፏቸውም እኮ።»

«ደጅ ቆመው ይጠይቁኛ! እዚያ ድረስ ያለው ያንተ ሥራ ነው። የእኔን ድርሻ እኔ እሠራለሁ።»

ተነስታ ወደ አውቶቡሱ አመራች። ጀላል ቀጥ ብላ ስትራመድ አያት፤ እንዲህ ያለችን ሴት ለአንድ ቀን እንኳ በመጠርጠሩ እፍረት አንገቱን አስደፋው።

የኒካሁ ቀን የሐጂ ሽኩር ግቢ በሰው ሞላ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አንድ መጋረጃ ብቻ አለ። የሃጂራ አክስት ፋሪዳ የሙሽራዋን ሻሽ እያስተካከለች ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች።

«ሼህ ከሊፋ መጥተው ሲጠይቁሽ ዝም ነው። አንገትሽን ደፍተሽ ዝም። የልጃገረድ ዝምታዋ እሺታዋ ነው።»

እናቷ ዙሀራ ጥግ ላይ ተቀምጣ የራሷን እጅ ታያለች። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተናገረችም።

ሼህ ከሊፋ ከሁለት ምስክሮች ጋር መጋረጃው ድረስ መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ቁርአን ሲያስቀሩ ድፍን ሰፈሩን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሃጂራ ሽኩር፣ አባትሽ ለአህመድ ሊድሩሽ ተስማምተዋል። አንቺስ ትፈቅጃለሽ ወይ?»

ጓዳው ጸጥ አለ። እልልታ ለማቅለጥ የተዘጋጁት ሴቶች ትንፋሻቸውን ያዙ። ያ ጸጥታ ለስላሳ ነበር፤ ሃጂራ ምንም ሳታደርግ ብትቆይ ይዟት የሚሄድ። አንዲት ሴት እልልታዋን ስትጀምር ሰማች።

«አልፈቅድም።»

እልልታው ተሰበረ።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ ሼሁ፤ የተሳሳቱ መስሏቸው።

ሃጂራ ተነስታ መጋረጃውን በእጇ ገለጠችው። ሳሎኑ ሙሉ ቀና አለ። «አልፈቅድም አልኩ፣ ሼህ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። ዛሬ እርስዎ ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

ሐጂ ሽኩር ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ግቢ! አንቺ ባለጌ!»

«ሐጂ፣ ይቀመጡ» አሉ ሼህ ከሊፋ። «ትናገር።»

«አህመድን ምንም ክፉ አላውቅበትም፤ ይቅር ይበለኝ» አለች ሃጂራ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይቆምም። «እኔ የምፈልገው ጀላል ነገሬን ነው።»

ሳሎኑ አጉረመረመ። «የቀጥቃጩን ልጅ?» አለ አንድ ድምፅ።

«አዎ፣ የቀጥቃጩን ልጅ! ዛሬ በጉ የታረደበትን ቢላ ማን ሠራው? በቢላው እየበላችሁ ሠሪውን የምትጸየፉት ከመቼ ወዲህ ነው? ሃይማኖታችን ውስጥ የት ነው የተጻፈው? ሼህ፣ የት ነው?»

ሼህ ከሊፋ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «የትም አልተጻፈም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረው «ሐጂ ሽኩር፣ ይህ ኒካህ አይታሰርም» አሉ።

መጀመሪያ የተነሳው አህመድ ነው። ፊቱ ዳማ መስሏል፤ ጫማውን ሲያደርግ ግን ጎምለል ብሎ ነበር። «የማትፈልገኝን ሴት ቤቴ አላስገባም» አለ። «ነገ ከምትናገረው ዛሬ መናገሯ ለእኔም በጀኝ።» ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ፤ የቀረውም እንግዳ አንድ በአንድ ተበተነ።

ሐጂ ሽኩር በባዶው ሳሎን መሃል ቆመው ቀሩ። «አዋረድሽኝ» አሏት። «ከቤቴ ውጪልኝ።»

ሃጂራ ነጠላዋን ሳበች። ያን ጊዜ ከጥጉ እናቷ ተነሳች።

«የትም አትሄድም» አለች ዙሀራ። ድምጿ የሰነበተ ዝገት ነበረው። «እኔን ለእርስዎ ሲያስሩኝ እዚሁ እንደ እሷ ተቀምጬ ነበር፣ አላህ ያውቃል። ጠየቁኝ፣ ዝም አልኩ። ክፉ ባል አልሆኑብኝም። ግን ያን ቀን ብናገር ምን እል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ይኼው እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ልጄ ግን አውቃለች። እሷን ካስወጡ እኔም አብሬ ነኝ።»

ሐጂ ሽኩር ሚስታቸውን ልክ በዚያች ደቂቃ ቤታቸው የገባች እንግዳ ይመስል አዩዋት። ቁጭ አሉ። ሃጂራ እናቷ ደረት ላይ ተደፍታ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ልቅሶ ለቀቀችው፤ ሐዘን ግን አልነበረበትም።

አባቷ ከዚያ በኋላ አላናገሯትም። መጋዘኑ ውስጥ እንዳላዩ ሆነው ያልፏታል፤ ደንበኛ ዕቃ ሲጠይቅ «እሷን ጠይቅ» ብቻ ይላሉ። በዚህ መሃል ሼህ ከሊፋ እየመጡ ከሐጂ ጋር ደጅ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ይሄዳሉ።

በአንድ የእሑድ ረፋድ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጁ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ጀላል አባቱን ይዞ በትልቁ በር መጣ። ሼህ ከሊፋ ከፊት ናቸው። ሽማግሌው ነገሬ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ ትላልቅ እጆቻቸውን የት እንደሚያኖሯቸው ጨንቋቸው በጋቢያቸው ሥር ደብቀዋቸዋል። ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ግቡ ሳይባሉ እግራቸውን አላሳለፉም።

«ሐጂ» አሉ፣ «እኔ የማውቀው ብረት ነው፤ ንግግር አላውቅም። ልጄ ልጅዎን ይወዳል። ልጠይቅ መጣሁ። እምቢ ቢሉኝ ነገም እመጣለሁ። ብረትም በአንድ ምት አይታጠፍም።»

ሐጂ ሽኩር ግቢው መሃል ቆመው ፊታቸውን ወደ ቤቱ መለሱ። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጓል። በመጨረሻ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተጣሩ።

«ሃጂራ!»

ወጣች። ጀላልን አየችው፤ ከዘነበወርቁ ቀን ወዲህ ገና ማየቷ ነው። ከስቷል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ መልስ ሳያገኝ ከሰው ፊት አይነሳም።

«እኔ ብመልስላቸው ዳግም በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው» አሉ አባቷ። «ይኸው ሰዎቹ፤ ተናገሪ። መናገሩን እንደሁ ለምደሽዋል።» ቆም አሉና፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ወደ ደጃፉ ሳያዩ ጨመሩ። «እሳቸውም ይግቡ። ሽማግሌ ደጅ አይቆምም።»

ነገሬ እግራቸውን አንስተው ደጃፉን ተሻገሩ።

«እሺ ብያለሁ» አለች ሃጂራ። ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ ማዶ ድረስ እንዲሰማ። ከጓዳ የእናቷ እልልታ ብቻውን ወጣ፤ ቀጥሎ ከጎረቤት አንዷ ተቀበለችው፤ ከዚያ ሌላዋ። ጀላል በሰው ሁሉ ፊት ያለቅሳል፣ እንባውንም አይጠርግም። ሃጂራ ግቢው መሃል ቀጥ ብላ ቆማ የገዛ ድምጿን ከሰፈሩ ላይ ሲመለስ ሰማችው፤ እንዲህ የሚያምር መሆኑን እስከዚያች ቀን ድረስ አታውቅም ነበር።